የጋሽ ሙሜ አንድ ጎል

«ሂንዲያ፣ ማሊያ ስታሰጪ ቁጥሩን ወደ ውስጥ ገልብጪው። የእኛ አገር ፀሐይ መጀመሪያ የምትበላው ቁጥሩን ነው፤ ጨርቁ ጋ እስክትደርስ ሌላ እንገዛለን።»

ጋሽ ሙሜ ይህን ያሉት ሂንዲያ ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ፣ የእናቷ ወገብ እምቢ ብሎ የአሸዋ ኮከብ ክለብን ማሊያ የማጠቡ ሥራ ከእናት ወደ ልጅ በተላለፈበት ሰሞን ነው። አሁን ሂንዲያ ራሷ እናት ሆናለች። ልጇን አዝላ፣ ሳፋዋን ያው ዛፍ ሥር አስቀምጣ፣ ያው ገመድ ላይ ታሰጣለች። ብዙ አትናገርም። ጆሮዋ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ስለ ጋሽ ሙሜ የሚወራውን፣ አባት ለልጅ ሲያወራ፣ ልጅ ጨምሮበት ለጎረቤት ሲያወራ የኖረውን ሁሉ፣ እንደሷ አሟልቶ የያዘው ሰው በሰፈሩ የለም።

የአሸዋ ኮከብ ሜዳ የከተማው ወንዝ ነው። ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አያውቅም፤ ደረቅ አሸዋ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን፣ ከተማው በጠራራ ፀሐይ እየተቃጠለ ሳለ፣ ከላይ ጉምጉምታ ይሰማና ጎርፍ ይደርሳል። ያን ጊዜ ኳስ የሚከተል የለም። የሁለቱም ቡድን ተጫዋች ቋሚ ለመንቀል ይሮጣል። ቋሚዎቹና አግዳሚዎቹ በትከሻ ዳር ይወጣሉ፤ ጎርፉ ሲያልፍ ይመለሱና ይተከላሉ፤ ጨዋታውም ከቆመበት ይቀጥላል። እዚያው ዳር ያለችው የቆርቆሮ ክፍል የተሠራችው ለዚህ ነው። ቋሚዎቹ፣ መረቦቹ፣ ማሊያዎቹና ጋሽ ሙሜ አንድ ላይ ይኖሩባታል።

ዘንድሮ ክለቡ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሆነ። አዲሱ ሊቀ መንበር አቶ ፋንታሁን ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ባዶ ግድግዳ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። ያቺ ክፍል «የሌጀንዶች ክፍል» ትባላለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ የክለቡ ታላላቅ ተጫዋቾች ፎቶ ይሰቀልባታል ብሎ አስወሰነ። ጋሽ ሙሜም በበዓሉ ቀን ቁልፉን እንዲያስረክቡ ተነገራቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም፤ ከዚያች ክፍል ሌላ የሚያውቁት በር የለም።

«ሌጀንድ ያልሆነ ሰው ከዚህ ይውጣ ነው የምትሉኝ?» ሲሉ ጠየቁ።

«እንደሱ ማለት እንኳ… አዎ» አለ አቶ ፋንታሁን፣ ጫማው ላይ የገባውን አሸዋ እያራገፈ።

«እሺ። እስከዚያ ቀን ከደረስኩ እንተያያለን።»

ሊቀ መንበሩ ሲሄድ ሂንዲያ እጇን ከሳፋው አወጣች።

«ጋሽ ሙሜ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ ልጄ፣ እከላከላለሁ! ሌላ ምን ተማርኩና።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ እሳቸው ሆኑ። ሌጀንድ ናቸው የሚለውም፣ ምን ሌጀንድ፣ ጉድ ናቸው እንጂ የሚለውም ማስረጃ ብሎ የሚያመጣው እነዚህኑ ወጎች ነው።

፨

የመጀመሪያው ከንጉሡ ዘመን ነው። ሙሜ ያኔ ገና ጋሽ አልተባለም። የክለቡ የበላይ ጠባቂ ፊታውራሪ ደገፉ፣ ጨዋታውን ከወንበር ላይ፣ ጃንጥላ አስይዘው የሚመለከቱ ትልቅ ሰው ነበሩ። አዲስ ተጫዋችም የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ሙሜ ፊታቸው ቀረበ።

«አብዶ ትሠራለህ?»

«አልሠራም፣ ጌታዬ።»

«ቴስታስ ትመታለህ?»

«ዓይኔን ከጨፈንኩ።»

«ምትህስ? ይጠነክራል?»

«ይጠነክራል፤ ግን ከኳሷ በፊት ታኬታዬ ይደርሳል።»

ፊታውራሪ ተቆጡ። «ታዲያ አንተን ምን ላደርግህ ነው የምወስድህ?»

ሙሜ አሸዋው ላይ ኳስ ተከትለው እንደ ንብ የሚርመሰመሱትን ወጣቶች በጣቱ አሳያቸው።

«ጌታዬ፣ እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት ኳሷን ነው። ሰውየውን የምፈልገው እኔ ብቻ ነኝ።»

ቁጥር ሦስት ማሊያ የዚያኑ ዕለት ተሰጠው።

፨

እኚሁ ፊታውራሪ የእህታቸውን ልጅ አምጥተው ዘጠኝ ቁጥር አለበሱት። ልጁ መልከ መልካም ነው፤ ፀጉሩን በቅባት አለስልሶ፣ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ፣ መሐል ሜዳ ላይ እንደ ሙሽራ ቆመ። ጨዋታው አለቀ፤ ኳስ የምትባል ነገር አጠገቡ ሳትደርስ ወጣ። ማሊያውን እንኳ አላላበውም። ይህን ስትሰማ ሂንዲያ ለብቻዋ ትስቃለች፤ አጣቢዋን ያስደሰተ ተጫዋች በክለቡ ታሪክ እሱ ብቻ ነው።

ፊታውራሪ ሙሜን አስጠሩት።

«ስንት ጊዜ ኳስ ደርሶህ ለእህቴ ልጅ አንድ ቀን እንኳ አላቀበልከውም። ንቀኸው ነው?»

ሙሜ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ኧረ ወላሂ ጌታዬ! ለእርስዎ ዘመድ ዕቃ በእግር ማቀበል ነውር ሆኖብኝ ነው።»

፨

አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጣ አጥቂ፣ ሙሜ ቁርጭምጭሚቱን ስለመታው ፍርድ ቤት ከሰሰው። እንደዚያ ያለ ክስ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም፤ ችሎቱ በኳስ ወዳጅ ጢም ብሎ ሞላ። ከሳሽ እያነከሰ ቀረበና፣ «ክቡር ዳኛ፣ ኳሷ ከእኔ ጋር ብትሆን ምን አለበት፤ እኔ እኮ አቀብዬ ጨርሼ፣ ቆሜ ላቤን እየጠረግሁ ነበር!» አለ።

ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ ሙሜን አዩት። «እውነት ነው? ኳሷ ከሄደች በኋላ ነው የመታኸው?»

«እውነት ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«አመንክ ማለት ነው?»

«አምኛለሁ። እኔ የደረስኩት በሰዓቴ ነው፤ ያልጠበቀችኝ ኳሷ ናት።»

ችሎቱ ለሻይ ተነሣ ተብሎ ተበተነ። ሳቁ አልቆም ብሎ ነው የሚሉም አሉ።

፨

የክለቡ ገንዘብ ያዥ አቶ ጫንያለው፣ ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ ጣታቸውን ቆጥረው የሚመልሱ ሰው ነበሩ። ለዕረፍት ብርቱካን ማቅረብ የእሳቸው ድርሻ ነው። በብርቱካን አገር፣ ግመል ሙሉ ብርቱካን በየማለዳው በሚገባበት ከተማ፣ አቶ ጫንያለው አንዲት ፍሬ ይዘው ይመጡና በቢላዋ ይሸነሽኗታል። ሁሉም ተጫዋች ይደርሰዋል፤ ተቀያሪውም ይደርሰዋል።

ሙሜ የደረሰችውን ስንጣሪ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አያት። ወዲያ ማዶ ያለው ጎል በጀርባዋ ይታያል። ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሳት።

«ምነው፣ አልጣመችህም?» አሉ አቶ ጫንያለው፣ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው።

«ኧረ ጥሩ ናት፤ ግን ሁሉንም ዛሬ አልጨርሳትም። ለመልሱ ጨዋታ ያስቀምጡልኝ።»

፨

ይህን ሁሉ ሂንዲያ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ጋሽ ሙሜ ስለ ራሳቸው አያወሩም። ስትጠይቃቸው መረብ እየቋጠሩ፣ «ዋሽተዋል፤ ያን ቀን ብርቱካን አልነበረም፣ ሎሚ ነበር» ይላሉ። የሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረቱን ጨዋታ ግን አይክዱም። መካድም አይቻልም፤ ያላየው የለም፤ ያላየውም አይቻለሁ ይላል።

የዋንጫ ጨዋታ ነበር፣ ከላይ ሰፈር ቡድን ጋር። ዜሮ ለዜሮ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከቀኝ በኩል አንዲት ከፍ ያለች ኳስ መጣች። የአሸዋ ኮከብ በረኛ «የኔ ናት!» ብሎ ጮኸ። ሙሜ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዘለለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ቴስታው በትክክል አረፈላት። ኳሷ በበረኛው ጣት ላይ አልፋ፣ አግዳሚውን ስማ፣ የራሳቸው መረብ ጥግ ላይ ተሰካች። እንዲህ ያለ ያማረ ጎል በዚያ አሸዋ ላይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም። የላይ ሰፈር ሰው እንኳ ለመጨፈር ጥቂት ዘገየ፤ አድንቆ ቆሞ ነበር።

ሲወጣ ደጋፊው ዱላ ይዞ መንገድ ላይ ጠበቀው። አንድ ደንዳና ሥጋ ሻጭ አንገትጌውን ያዘውና ወደ ላይ አነሣው።

«አንተ! ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ጎል ያላገባህ ሰውዬ፣ ዛሬ፣ ያውም እዚህ፣ ምን አስገባህ?»

ሙሜ እግሩ መሬት ሳይነካ መለሰ።

«ወደ ፊት በሄድኩ ቁጥር ‹ተመለስ! ተመለስ!› ስትሉኝ ኖራችኋል። ይኸው ተመለስኩ።»

ሥጋ ሻጩ በሳቅ እጁ ዛለ። ሙሜ የዳነው እንዲህ ነው።

፨

በቀጣዩ ዓመት፣ በስልሳ፣ ዋንጫው መጣ። ያገባው ዳምጠው ነው፤ ፍጥነቱን አይተው «ርችት» ይሉታል። ዳምጠው ርችት ወዲያው በትልቅ ከተማ ትልቅ ክለብ ተፈለገ። የሚሄድ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ባቡር ጣቢያ ወጣ። ዳምጠው በባቡሩ መስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ፣ የአሸዋ ኮከብን ማሊያ ደጋግሞ እየሳመ ያለቅሳል።

«ወገኖቼ! አካሌ ነው የሚሄደው! ልቤን እዚሁ፣ እናንተው ጋ ትቼ ነው የምሄደው!»

እናቶች እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ያ ሥጋ ሻጭ ሳይቀር አለቀሰ። ባቡሩ ፊሽካውን ነፋ። ሙሜ ከመስኮቱ ሥር እየሮጠ ጮኸ፤

«እሺ ወንድሜ፣ ልብህን በደንብ እንይዝልሃለን! ለእሁድ ግን እግርህን ላክልን፤ ጨዋታ አለብን!»

፨

ሙሜ ቁልፉን እንዴት እንዳገኘ የሚነገረው እንዲህ ነው።

እንግዳ ቡድን መጥቶ አንድ ለዜሮ እየመራ ነው። ጉምጉምታው ተሰማ። ሙሜ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰና የአሸዋ ኮከብን ጎል፣ ከነመረቡ፣ ከነአግዳሚው አሸክሞ ዳር አወጣ። ቀና ሲል የእንግዶቹ ጎል ጎርፉ ላይ እየተንሳፈፈ፣ መረቡን እንደ ቬሎ እየጎተተ ይሄዳል። እንግዶቹ የአገሩን ልማድ ስለማያውቁ ለነፍሳቸው ሸሽተው፣ ኮረብታው ላይ ቆመው ነበር የሚያዩት። የአሸዋ ኮከብም ሰው ሁሉ፣ ማዶኛውን ሌላው ይነቅለዋል ብሎ፣ በአንዱ ጎል ላይ ተረባርቧል።

ጎርፉ አለፈ። አንድ ጎል ብቻ ያለው ሜዳ ቀረ። አርቢትሩ ፊሽካውን ነክሶ ዙሪያውን ቢያይ መላ የለም። የእንግዶቹ አምበል ጮኸ።

«ሆን ብሎ ነው! የራሳቸውን አወጣ፣ የእኛን አስወሰደ!»

አርቢትሩ ወደ ሙሜ ዞረ። «መልስ ስጥ። ያንን ለምን አላዳንከውም?»

«ጌታው፣ እኔ ተከላካይ ነኝ። የምጠብቀው የእኛን ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱንም ትጠብቃለህ!» አለ አርቢትሩ ተናዶ። የክለቡ ሰዎች ሐሳቡን ወደዱት፤ የቆርቆሮዋ ክፍል ቁልፍ በገመድ ተንጠልጥሎ ሙሜ አንገት ላይ ገባ። ከዚያ ወዲህ የአሸዋ ኮከብ ጎርፍ የወሰደው ጎል የለውም። ሙሜ ጫማውን ሰቅሎ ጋሽ ሙሜ ከሆነ በኋላም፣ ደጋው ላይ ደመና ሲጠቁር መጀመሪያ አሸዋው ላይ የሚታየው እሱ ነበር።

፨

አብዮቱ መጣ፤ ፊታውራሪም ከነጃንጥላቸው ሄዱ። አንድ ካድሬ የክለቡን ሰው በሙሉ አዳራሽ ሰብስቦ ንግግር አደረገ።

«ጓዶች! ከእንግዲህ በዚህ ክለብ ጀግና የሚባል ግለሰብ የለም! ድሉ የአንድ ሰው አይደለም፤ ድሉ የሰፊው ሕዝብ ነው!»

ጭብጨባ ሆነ። ጭብጨባው ጋብ እንዳለ ከኋላ ወንበር አንድ ልብስ ሰፊ፣ ልቡ የዋህ የሆነ ሰው፣ ብድግ ብሎ ጠየቀ።

«ሽንፈቱስ የማን ነው?»

ካድሬው ግንባሩን ቋጥሮ፣ ጠያቂውን በዓይኑ መፈለግ ጀመረ። ልብስ ሰፊው መቀመጥም መቆምም አቃተው። በዚህ መሐል ጋሽ ሙሜ ከፊት ወንበር ተነሡ።

«ጓድ፣ እሱን ለእኔ ተዉልኝ። ከሃምሳ ዘጠኝ ጀምሮ እኔ ጋ ነው ያለው።»

ካድሬው ሳያስበው ሳቀ። ልብስ ሰፊውም ቤቱ ገባ። ሂንዲያ ይህን የሰማችው ከልብስ ሰፊው ልጅ ነው፤ ያባቱ የስፌት መኪና አሁንም ይሠራል፤ የጋሽ ሙሜን ሱሪ በነጻ ነው የሚጥፈው።

፨

በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አቶ ፋንታሁን ከኮሚቴው ጋር መጣ። ከሚሰቀሉት ፎቶዎች ትልቁን፣ የስልሳውን የዋንጫ ቡድን ፎቶ በመስተዋት አስገብቶ ይዟል። ሂንዲያ ገመዱ ሥር ሆና፣ በሁለት ማሊያ መሐል ታያለች።

«ጋሽ ሙሜ፣ ቅር እንዳይልዎት። እኛ የምናየው ማስረጃ ነው። እስቲ እዚህ ላይ እርስዎ የት አሉ?»

ጋሽ ሙሜ ፎቶውን ከዓይናቸው አርቀው፣ አቅርበው አዩት። ከዳር፣ ፍሬሙ ጋ የተቆረጠች አንዲት ትከሻ አለች።

«ይቺ ትከሻ እኔ ነኝ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ከፎቶው ውጭ፣ እዚህ ነበር ያለው። አግዳሚ እየደገፈ።»

ኮሚቴው ሳቀ። አቶ ፋንታሁን ግን ከመንገዱ አልወጣም። «እሺ፣ ስንት ጎል አለዎት?»

«አንድ።»

«አንድ! ያውም በራስ ላይ!»

«በሰው ላይ ክፉ ሠርቼ አላውቅም፣ አቶ ፋንታሁን።»

ሳቃቸውን ጨርሰው ሄዱ። ውሳኔው ግን አልተለወጠም። ሂንዲያ ይህንን ታውቃለች፤ ሰው ስቆልህም ከቤትህ ያስወጣሃል። የዚያን ቀን ጋሽ ሙሜ ፍራሻቸውን ገለጡና ከሥሩ አንዲት ማሊያ አወጡ። ጨርቁ ሳስቷል፤ በጀርባው ያለው ሦስት ቁጥር ግን ትናንት እንደታተመ ጥቁር ነው። ዕድሜዋን ሁሉ ተገልብጣ ኖራለች።

«ይቺን እጠቢልኝ። ስወጣ ንጹሕ ሆኜ ልውጣ» አሉ። በዚህኛው ላይ ምንም ቀልድ አልነበረበትም። ሂንዲያ ልጇን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዙራ አቀፈቻት፤ ለምን እንደሆነ አላወቀችም።

፨

የበዓሉ ቀን ሰፈሩ በሙሉ አሸዋው ላይ ወጣ። የክፍሏ በር ላይ ሪባን ተወጥሯል። በሩ አጠገብ የተጠቀለለ ፍራሽ ቆሟል። ዳምጠው ርችት ከሩቅ ከተማ መጥቷል፤ ሱፍ ለብሷል፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ አካሄዱ ግን አሁንም አጥቂ ነው። ሂንዲያ ያቺን ቁጥር ሦስት ማሊያ ያጠበችው ጠዋት ነው፤ ሳፋው ውስጥ ተጠምዛ ተቀምጣለች። ለማስጣት ልቧ አልነሣ ብሏት ነበር።

አቶ ፋንታሁን ማይክሮፎኑን ያዘ።

«ክቡራን እንግዶች! ሌጀንድ ማለት የክለቡ ስም ሲነሣ ሕዝብ የሚያስታውሰው ሰው ማለት ነው! ይህች ክፍል ከዛሬ ጀምሮ የእነሱ ናት። ጋሽ ሙሜ ላገለገሉበት ዘመን እናመሰግናለን። አሁን ቁልፉን ለዳምጠው ርችት እንዲያስረክቡልን በክብር እንጠይቃለን!»

ዳምጠው እጁን ዘረጋ። ጋሽ ሙሜ ገመዱን ከአንገታቸው አወጡ። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ።

«ሕዝብ የሚያስታውሰው ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ጋሽ ሙሜ።»

«እንግዲያው ከማስረከቤ በፊት ሕዝቡን ልጠይቀው። ያንን ነገር ስጠኝ።»

ማይክሮፎኑን እንደ ብርቱካን ጨብጠው ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«እናንተ ሰዎች! በሃምሳ ዘጠኙ የዋንጫ ጨዋታ፣ እዚህ አሸዋ ላይ፣ ጎል ያገባው ማነው?»

«ሙሜ!»

አሸዋው ተናወጠ። ሽማግሌው ጮኸ፣ ጎረምሳው ጮኸ፣ ሃምሳ ዘጠኝ የሚባል ዓመት መኖሩን የማያውቅ ሕፃን ጮኸ። የዚያን ቀኑ በረኛ በምርኩዙ ተደግፎ ከሁሉም በላይ ጮኸ፤ «የኔ ናት ብዬው ነበር!» እያለ። ሂንዲያም፣ ያቺ ድምፅ የሌላት ሴት፣ ጮኻ ነበር፤ ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ ደንግጣ ስትነቃ ነው የራሷን ድምፅ የሰማችው።

ጋሽ ሙሜ እስኪበርድ ጠበቁ።

«ጎበዞች። በስልሳስ? ዋንጫውን ያመጣልንን ጎል ያገባው?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ቀጥሎ ጉርምርምታ ተነሣ።

«በሪጎሬ ነው መሰለኝ…»

«አይ፣ የእነሱ በረኛ ነው የለቀቃት።»

«ኧረ አቦ፣ በስልሳ ዋንጫ ነበር እንዴ?»

ዳምጠው ርችት መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ፈገግታው ሳይጠፋ ወዲያና ወዲህ አየ። ስሙን የሚጠራ ጠፋ። ለቁልፉ የዘረጋውን እጅ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሣው፤ ሰዓቱ ወደ ክንዱ ተንሸራተተች። ሂንዲያ ያንን እጅ ታውቀዋለች። ትምህርት ቤት ሳለች፣ መልሱን እያወቀች፣ ከኋላ ወንበር እጇን አውጥታ ያልተጠራች ልጅ ነበረች።

ጋሽ ሙሜም አዩት። ማይክሮፎኑን ለሊቀ መንበሩ መለሱና፣ ያለ ማጉያ፣ በራሳቸው ድምፅ፣ የአንድ ሜዳ ወንድም ለወንድሙ እንደሚናገር ተናገሩ።

«ዳምጠው፣ እጅህን አውርድ። እኔ አስታውሳለሁ።»

ዳምጠው እጁን አወረደ። አውርዶም ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቁልፉን የሚቀበል ሌላ እጅ አልተገኘም።

ሂንዲያ ወደ ሳፋዋ ሄደች። ቁጥር ሦስትን አራግፋ፣ ሁለት መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ፣ ገመዱ ላይ ቁጥሩን ወደ ውጭ አድርጋ አሰጣችው።